«ወላጅ አምጣ» እስኪባል

የታናሽ ወንድምህን የሒሳብ መምህር ስም ታውቃለህ? አንቺስ፣ እህትሽን አማርኛ ማን እንደሚያስተምራት ታውቂያለሽ? የክፍያውን ቀን እናውቃለን፤ የደንብ ልብሱን ቀለም እናውቃለን፤ ባለፈው ዓመት ስንተኛ እንደወጣ እናውቃለን። መምህሩን ግን አናውቀውም።

«ይህን ለወላጆቻችን ጻፍላቸው፤ እኛ ምን አገባን?» የምትሉ አትጠፉም። ያገባችኋል። በብዙ ቤት አባት ሥራ ላይ ነው፣ እናት ጉልት ላይ ናት፤ የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ የሚላከው ታላቅ ልጅ ነው። የቤት ሥራ የምታሳየው እሷ ናት፣ ካርዱን የሚፈርመው እሱ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምጽፍላችሁ እንደ ሰንበት ትምህርት አስተማሪያችሁ ሳይሆን እንደ አንድ ወላጅ ለሌላ ወላጅ ነው።

ክርክሬ አጭር ነው። ስለ ትምህርት ቤትና ስለ መምህራን የምናሰማው ቅሬታ አብዛኛው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ደጁን ሳንረግጥ የምናሰማው መሆኑ ግን ያሳፍራል።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲገለጽ የሆነውን አስታውሱ። ፈተናው ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተሰጠ፤ ግማሹንና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ሆኑ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ። አገር በሙሉ «መምህራኑ ምን ሲሠሩ ነበር?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። «እኛስ 12 ዓመት ሙሉ ምን ስንፈርም ነበር?» ያለ ሰው ግን አልሰማሁም።

የምንፈርመው ደረጃ ነው። ልጁ ካርድ ይዞ ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። እስቲ አስቡት፤ በእነዚያ ዓመታት ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በእነዚያ ትምህርት ቤቶችም እኮ አንደኛ የወጣ ልጅ ነበር! እሱም ተጨብጭቦለታል፤ ቤተሰቡም ኮርቶበታል። ደረጃ ልጁ ከጓደኞቹ የት እንደቆመ እንጂ ምን እንደሚያውቅ አይነግርም። አራተኛ ክፍል ደርሶ አንድ አንቀጽ አንብቦ መናገር የማይችል ልጅ፣ ጓደኞቹም የማይችሉ ከሆነ አምስተኛ ሊወጣ ይችላል። እኛም ደስ ብሎን እንፈርማለን።

ከመምህሩ ጋር የምንገናኘው መቼ ነው? «ወላጅ አምጣ» ሲባል። መስታወት ሲሰበር፣ ልጅ ሲደባደብ። ልጁ ከዚህ የሚማረው ወላጁና መምህሩ አንድ ላይ ከቆሙ መዓት መጣ ማለት እንደሆነ ነው። አንዳንዱ ብልጥ ደግሞ ሰፈር ውስጥ ያገኘውን ጎረምሳ «አጎቴ ነው» ብሎ ይዞ ይሄዳል። (ከእናንተ መካከል እንዲህ አጎት የሆናችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ።)

ከዚህ የከፋው ግን ንቀታችን ነው። በወጣቶች የጸሎት ፕሮግራማችን ላይ ሕክምና የደረሳት እህት ትመሰክራለች፤ እልልታው ጣሪያ ይነካል። መምህርነት የደረሰው ወንድም ሲነሳ ደግሞ ትከሻውን መታ መታ አድርገን «አይዞህ፣ ጌታ ሌላ በር ይከፍታል» እንለዋለን። ምን ሆነና ነው የሚጽናናው? ለዓመታት 10ኛ ክፍል ተፈትኖ መሰናዶ መግባት ያቃተውን ወደ መምህራን ኮሌጅ ስንሸኝ ኖርን፤ ቀጥሎም «ጎበዝ መምህር ጠፋ» ብለን አለቀስን። ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ከመለሰ በኋላ ነቀምት ገብቶ ያደረገው ትምህርት ቤት መክፈት ነበር፤ አብራው የደከመችው አስቴር ጋኖም አስተማሪ ነበረች። እነዚህን ሰዎች ዛሬ ብናገኛቸው «አይዟችሁ» ልንላቸው ነው?

መምህራን ጥፋት የለባቸውም አላልኩም። ክፍል ውስጥ ስልኩን ሲነካካ የሚውል አለ። በመደበኛው ሰዓት ያላስተማረውን ማታ በክፍያ የሚያስጠና አለ፤ ይህ ሌብነት ነው፣ ሌላ ስም አልፈልግለትም። የልጄ መምህርት ደብተሯን ሳታነብ «ራይት» እያደረገች እንደምታልፍ አይቼ ተናድጄ ሄጃለሁ። እዚያ ስደርስ የሚታረሙት ደብተሮች 64 ነበሩ፤ እሷም የምታስተምረው ሁለት ክፍል ነው። ሥራዋ ትክክል ሆነ ማለት አይደለም፤ ይህንኑ ነገርኳት። ተነጋግረን ግን ተስማማን፤ እሷ በሳምንት አንዱን ገጽ በደንብ ልታርም፣ እኔ ሌላውን ቤት ልመለከት። ልጄ ደብዳቤዎችን መገጣጠም እንጂ ያነበበችውን መረዳት እንደሚያቅታት የሰማሁት ከዚህችው መምህርት አፍ ነው። በየትኛውም ካርድ ላይ አልተጻፈም።

እንግዲህ የመንፈቅ ዓመቱ ካርድ ሳይመጣ፣ ሳትጠሩ ሂዱ። «ስንተኛ ነው?» አትበሉ። «ምን ያቅተዋል? ቤት ምን እናግዘው?» በሉ። ስማቸውንም ጠይቁና ያዙት። በር ላይ ዘበኛው «ምን አጠፋ?» ማለቱ አይቀርም። ምንም እንዳላጠፋ ንገሩትና ግቡ።