ስለማይረጋ ወተት

በአምባ ጊዮርጊስ ደጋ ወተት ሳይረጋ ሲቀር ጠብ ይነሣል። እመቤቲቱ ሠራተኛዪቱን፥ ሠራተኛዪቱ ጎረቤቲቱን ትጠረጥራለች፤ በመጨረሻም «ዐይን በላው» ይባላል። እኔም በፍርድ ቤት መዝገብ ስጽፍ፥ ከአንድ ቅል ወተት የተነሣ ስድብ እስከ ክስ ደርሶ አይቻለሁ። ስለዚህ የተከበራችሁ አንባቢዎች ከቤተ ሰባችሁ ጋራ ትመለከቱት ዘንድ ነገሩን ጥቂት እገልጻለሁ።

ወተትን የሚያረጋው ባክቴሪያ የሚባል፥ በዓይን የማይታይ ደቂቅ ፍጥረት ነው። የወተቱን ስኳር እየበላ ያኮመጥጠዋል፤ ኮምጣጣነቱም ያረጋዋል። ለዚህ ደቂቅ ፍጥረት ግን ከእርሱ እጅግ የሚያንስ ጠላት አለው። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ትዎርት በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1915፥ በፓሪስ ይሠራ የነበረው ፌሊክስ ዴሬል በ1917 ገለጡት። ዴሬልም ባክቴሪዮፋዥ፥ ማለት ባክቴሪያ በሊታ፥ ብሎ ሰየመው። ከቫይረስ ወገን ነው። በባክቴሪያው ቆዳ ላይ ተጣብቆ ዘሩን ወደ ውስጥ ያገባል፤ ባክቴሪያውም የራሱን ሥራ ትቶ ለጠላቱ ልጆች ሲሠራ ቆይቶ ይፈነዳል፤ ከውስጡም ብዙ አዳዲስ ቫይረሶች ይወጣሉ። ሰውን ግን አያሳምምም።

በኒው ዚላንድ አገር አይብ ሠሪዎች፥ አይቡ እንዳይቦረቦር ሲሉ፥ በ1930ዎቹ ዓመታት አንድ ነጠላ ነገድ ባክቴሪያ ብቻ እርሾ አደረጉ። ያ አንዱ በድንገት ሲሞት የሚተካው አልተገኘም፤ ወተቱም እንደ ፈሰሰ ቀረ። ዋይትሄድና ኮክስ የሚባሉ መርማሪዎች በ1935 ምክንያቱ ይኸው ቫይረስ መሆኑን አስረዱ፤ ከዚያ ወዲያ እርሾን ማፈራረቅ ልማድ ሆነ። የኛ ባልቴቶች ቅል ግን ብዙ ነገድ የተጠጋበት ስለ ሆነ፥ አንዱ ቢጠፋ ብዙ ጊዜ ሌላው ያረጋል።

ባክቴሪያውም ዝም ብሎ አይሞትም። በ2007 የእርጎ ባክቴሪያን የመረመሩ ሊቃውንት፥ ከጥቃቱ የተረፈው ከቫይረሱ ዘር ቁራጭ ወስዶ በራሱ ዘር ውስጥ እንደሚያኖርና ጠላቱ ሲመለስ በዚያ እንደሚያውቀው አሳዩ። እኔ መዝገብ ጸሐፊ በመሆኔ ይህን ሳነብ ተደነቅሁ።

እንግዲህ ወተት ሳይረጋ የቀረ እንደ ሆነ፥ አስቀድሞ ብርዱን መመልከት ነው፤ ደጋችን ያዘገየዋልና። ቀጥሎም ላሚቱ መድኃኒት ተወግታ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል፤ ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት ወደ ወተቱ ያልፋል። ይህ ሁሉ ከሌለ ጥርጣሬው ወደ ቫይረሱ ይሄዳል። ያን ጊዜ ያልረጋውን ለእርሾ አለማስቀረት፥ ቅሉን በፈላ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ፥ በወይራ ማጠን፥ እርሾም ከሌላ ቤት መዋስ ነው።

ያ ክስ በሽማግሌ አለቀ። የቅሉን ጥፋት የመረመረው ሰው አልነበረም። ከሳሿ ግን ቅሏን አጥባ፥ እርሾ ከተከሳሿ ቤት ወሰደች፤ ወተቱም በሦስተኛው ቀን ረጋ።