የቴኒሱ መቀናጆ ዘንገና ቢደርስስ?

በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ለሚያርስ የአዊ ገበሬ መቀናጆ ምን እንደሆነ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው አንድ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጅና በተራ የሁለቱም ማሳ ይታረሳል። ብቻውን የቆመ በሬ የቱንም ያህል ቢደልብ ሞፈር አይጎትትም። የሜዳ ቴኒስ የሴቶች ጥንድ ውድድር ቁም ነገሩም ይኸው ነው። እዚህ አገር ግን ከነጠላው ፍጻሜ በፊት ጊዜ ማሳለፊያ ተደርጎ ይታያል።

ዊምብልደን ሲደርስ በአዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤቶች የነጠላው ፍጻሜ፣ ኳስ ከሌለ፣ ይታያል። የሴቶች ጥንድ ሲመጣ ግን ሪሞት ይፈለጋል። የሚገርመው ሪሞቱን የሚያስነሳው ሰው ስለ ዮርክና ኮል ሲያወራ የሚያመሽ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ በ1998 ካምፕ ኑ ላይ ዮርክ ኳሷን ነክቶ ሳይነካ ለኮል ያሳለፈበትን ጎል ዛሬም በእጁ እያሳየ ይተርከዋል። ጥንድነት ኳስ ላይ ሲሆን ጥበብ፣ ቴኒስ ላይ ሲሆን የሁለተኞች ጨዋታ የሚሆነው በየትኛው ሒሳብ ነው?

ጥንድ የደካሞች መሸሸጊያ ነው የሚል ካለ የዊሊያምስ እህትማማቾችን ይይ። ቬነስና ሴሬና በጥንድ 14 የግራንድ ስላም ፍጻሜ ደርሰው 14ቱንም አሸንፈዋል። እ.ኤ.አ በ2008 ዊምብልደን ላይ ቬነስ ሴሬናን በነጠላው ፍጻሜ ረታቻት፤ በዚያው ቀን ሁለቱ ተመልሰው አብረው ገቡና የጥንዱን ዋንጫ አነሱ።

ለአፍሪካ የበለጠ የሚጠቅመው ግን የዚምባብዌዋ ካራ ብላክ ነገር ነው። ካራ በነጠላ ከፍተኛ ደረጃዋ 31ኛ ነበር። በጥንድ ግን የዓለም 1ኛ ሆነች፤ ዊምብልደንን ብቻ እ.ኤ.አ በ2004፣ በ2005 እና በ2007 ሦስት ጊዜ በላች። ነጠላው ላይ ብቻ ሙጭጭ ብትል ኖሮ ስሟን ዛሬ ስንቱ ያውቀው ነበር?

ከዚያ ደግሞ ጎረቤት አለች። እ.ኤ.አ ሐምሌ 2022 ኬንያዊቷ አንጄላ ኦኩቶዪ ከኔዘርላንዷ ሮዝ ማሪ ኔይካምፕ ጋር ተቀናጅታ የዊምብልደን ታዳጊ ሴቶች ጥንድ ፍጻሜ ገባች። ተጋጣሚዎቻቸው ካናዳውያኑ ኬይላ ክሮስና ቪክቶሪያ ምቦኮ ነበሩ። የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 3 ተሸነፉ፤ ሁለተኛውን 6 ለ 4 መለሱ፤ መለያውን ታይ ብሬክ 11 ለ 9 ጨረሱት። በሁለት ነጥብ ልዩነት! ኬንያ በታሪኳ የመጀመሪያውን የታዳጊዎች ግራንድ ስላም ዋንጫ ያገኘችው እንዲህ ነው። የተሸነፉት እነማን ናቸው ለሚልም፣ ከኮንጎ ወላጆች የተወለደችው ያቺ ምቦኮ እ.ኤ.አ በ2025 ሞንትሪያል ላይ ናኦሚ ኦሳካን በፍጻሜ አሸንፋ የካናዳን ኦፕን ዋንጫ ወስዳለች።

ጥንዱ ኦኩቶዪን ከነጠላው አላራቃትም። እ.ኤ.አ በ2024 አክራ ላይ የመላ አፍሪካ ጨዋታዎችን የነጠላ ወርቅ አጥልቃለች። ወደ አሜሪካ ተሻግራም ለኦበርን ዩኒቨርሲቲ ተጫውታለች። የአሜሪካ ኮሌጆች አንድ የቡድን ግጥሚያ 6 የነጠላና 3 የጥንድ ጨዋታ አለው። እንግዲህ ጥንድ መጫወት የምትችል ልጅ ከዋንጫው ሌላ የነጻ ትምህርት በርም ታንኳኳለች ማለት ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ማጋነን አያስፈልግም። እ.ኤ.አ በ2024 የዊምብልደን የነጠላ አሸናፊ 2.7 ሚሊዮን ፓውንድ ስትወስድ የጥንዶቹ 650 ሺህ ነበር፣ እሱም ለሁለት ተካፍሎ። ልዩነቱ ያስተዛዝባል። ቢሆንም 325 ሺህ ፓውንድ ተራ ገንዘብ አይደለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሜዳ ቴኒስ ከአዲስ አበባ ክለብና ሆቴል ግቢ ብዙም አልወጣም። እንጅባራ ሲባል ትዝ የሚለው ፈረስ ነው፤ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲደርስ ከተማዋ በጉግስ ትደምቃለች። ፈረስ በልጅነቷ የለመደች የዘንገና ልጅ ራኬት አያቅታትም። የሚያቅተው ሜዳው ነው። እዚህ ላይ ነው ጥንድ የሚያዋጣው። የቴኒስ ሜዳ ርዝመቱ ለሁለቱም 23.77 ሜትር ነው። ወርዱ ለነጠላ 8.23፣ ለጥንድ 10.97 ሜትር። ለ2.74 ሜትር ጭማሪ ከሁለት ልጅ ይልቅ አራት ልጅ በአንድ መረብ፣ በዚያው ኳስ ይጫወታል። ራኬትና ኳስ እንደ ወርቅ በሚመነዘርበት አገር ይህን ያልቆጠረ ፌዴሬሽን ምን እንደሚቆጥር እሱ ይወቀው።

ከፍታው ያስቸግራል የሚሉም አይጠፉም። ዘንገና ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ይበራል። ግን ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የከፍታ ኳስ ብሎ በደንቡ ካሰፈረ ቆይቷል። አዲስ አበባም ቢሆን ቆላ አይደለችም።

ክልሉ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ከገባበት ግጭት አንጻር የራኬት ወሬ ቅንጦት የሚመስለውም ይኖራል። እውነት አለው። ሆኖም የ10 ዓመት ልጅ ነገሮች እስኪረጉ በ10 ዓመቷ አትቆይም። ቴኒስ ደግሞ በ18 የሚጀመር ስፖርት አይደለም።

ስለዚህ ፌዴሬሽኑ ለክልሎች ራኬት ሲያድል በጥንድ ያድል፤ ልጆች ሲመርጥም ከየትምህርት ቤቱ አንዲት ጎበዝ ለይቶ አዲስ አበባ ከማምጣት ሁለት ጓደኛሞችን ይምረጥ። እንጅባራ ላይ ሜዳ ሲሰመርም የውጪዎቹ ሁለት መስመሮች እንዳይረሱ።