እጅም ይማር፦ የተላጠው ሳህን ጥያቄ

በብዙዎቻችን ቤት ውስጡ ነጭ፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ የኢናሜል ሳህን ነበረ፤ ዛሬም ያለበት ቤት ጥቂት አይደለም። ሳህኑ ከእጅ አምልጦ ሲወድቅ ከጠርዙ ላይ ጥፍር የምታህል ነጭ ቅርፊት ትረግፋለች፤ ከሥሯ ጥቁር ነገር ብቅ ይላል፤ ውሎ አድሮም ቦታው ይዝጋል። በልጅነቴ «ቀለሙ ተላጠ» እል ነበር። የተላጠው ቀለም ሳይሆን መስታወት መሆኑን በትክክል የተረዳሁት በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርቴን በምከታተልበት ወቅት ነው። ያስተማረኝም የፊዚክስ መጽሐፍ አልነበረም።

ኢናሜል ማለት እንደ ዱቄት የተፈጨ መስታወት በብረት፣ በመዳብ፣ በብር ወይም በወርቅ ላይ ተነስንሶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ750 እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ቀልጦ የሚጣበቅ ልባስ ነው። ጥበቡ ጥንታዊ ነው። በቆጵሮስ ደሴት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተሠሩ በኢናሜል ያጌጡ የወርቅ ቀለበቶች ተገኝተዋል። የፈረንሳይዋ የሊሞዥ ከተማም ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በዚሁ ሙያ ስሟ የታወቀ ነው።

በተማርኩበት ከተማ አንዲት አዛውንት ባለሙያ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጀማሪዎች ያስተምሩ ነበር። እኔም ለመዝናናት ያህል ተመዘገብኩ። አንደኛው ትምህርት ማጽዳት ነው። ክቡ የመዳብ ሳህን በእሳት ግሎ ከለሰለሰ በኋላ በቀጭን አሲድ ይታጠባል፤ ይፈተጋል። ውኃ ሲፈስበት ጠብታ ሳይሠራ እንደ ስስ ሻሽ ከተዘረጋ ንጹሕ ነው፤ ከተንጠባጠበ ግን ቅባት አለበትና እንደገና ይታጠባል። ቀጥሎ የመስታወቱ ዱቄት በደቃቅ ወንፊት ይነሰነሳል፤ እርጥበት ካለው እንፋሎቱ ዱቄቱን ስለሚያፈናጥረው በሚገባ ይደርቃል። ከዚያም 800 ዲግሪ ገደማ በጋለ ምድጃ ውስጥ ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ ይቆያል። ዱቄቱ መጀመሪያ ስኳር፣ ቀጥሎ የብርቱካን ልጣጭ፣ በመጨረሻም የረጋ ውኃ ይመስላል። ያን ጊዜ በጉጠት ይወጣል።

የእኔ ሳህን ከመግባቱ በፊት መምህርቷ «ጀርባውንስ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጀርባውን ማንም አያየውም ብዬ ትቼው ነበር። «እንግዲያው ጠብቅና እይ» አሉኝ። ሳህኑ አምሮበት ወጣ። ሲቀዘቅዝ ግን ቅጭ፣ ቅጭ የሚል ድምፅ ማሰማት ጀመረ፤ ከመምሸቱም በፊት ግማሹ ልባስ ተሰነጣጥቆ ረግፎ አገኘሁት። በዚያው ሳምንት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን የሙቀት መስፋፋት መልመጃ አርም እንደነበር ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ።

ምክንያቱን እናስላው። መዳብ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከርዝመቱ 17 ሚሊዮንኛ ያህል ይሰፋል፤ ሲቀዘቅዝም በዚያው ልክ ይኮማተራል። ተራ የመስኮት መስታወት ግን 9 ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ነው። መስታወቱ 500 ዲግሪ ገደማ ላይ ይጠነክራል እንበል። ከዚያ እስከ ክፍል ሙቀት ድረስ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መዳብ 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ሲያጥር፣ ብቻውን ቢሆን መስታወቱ የሚያጥረው 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ሁለቱ ተጣብቀዋልና መዳቡ መስታወቱን ያምቀዋል። ባለሙያዎች ሶዳና ፖታሽ እየጨመሩ የመስታወቱን አኃዝ ወደ መዳቡ ያቀርቡታል፤ ግን አያስተካክሉትም፤ ጥቂት ያሳንሱታል። መስታወት መወጠርን አይችልም፣ መታመቅን ግን ይችላልና በመጠኑ የታመቀ ልባስ ጠንካራ ነው። ልባሱ በአንድ በኩል ብቻ ሲሆን ግን ሳህኑ በካውያ ውስጥ እንዳለው የሁለት ብረቶች ቅጠል ይጎብጣል፤ የመስታወቱ ገጽ ይወጠራል፤ ይሰነጠቃል። ጀርባውም የሚለበጠው ኃይሉ በሁለቱም በኩል እንዲመጣጠን ነው።

የቤታችንም ሳህን ጥያቄ በዚሁ ይመለሳል። ሳህኑ ሲወድቅ ብረቱ ይታጠፋል፤ መስታወቱ አይታጠፍም። ጠርዙ ላይ ብረቱ በድንገት ስለሚዞር የታመቀው ልባስ ቀድሞውንም ወደ ውጭ ለመፈንጠር የተዘጋጀ ነው። ከሥሩ የሚታየው ጥቁርም ብዙ ጊዜ ነጩ በብረቱ ላይ እንዲይዝ አስቀድሞ የተቀባው፣ ኮባልት ኦክሳይድ ያለበት የመጀመሪያው ልባስ ነው።

ይህን ጥያቄ በክፍል ሳቀርብ ተማሪዎቼ ቀመሩን ወዲያው ይጽፉልኛል፤ ከሳህኑ ጋር የሚያገናኘው ግን አይገኝም። አልወቅሳቸውም፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ለዘመናት ብረት ሠሪውን ቡዳ፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ እያልን ስንሰድብ ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ስድቡ ቢቀንስም ንቀቱ በትምህርት ቤታችን ውስጥ መልኩን ለውጦ ተቀምጧል፤ የቤተ ሙከራ ሰዓት ሲጣበብ ቀድሞ የሚሰረዝ፣ በፈተናም ጥቂት ነጥብ ብቻ የሚሰጠው እሱ ነውና።

«ለመሠረታዊው ትምህርት መሣሪያ ባነሰበት አገር ኢናሜል ቅንጦት ነው» የሚለኝ ባልደረባ አይጠፋም። ስጋቱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ቁርጥራጭ መዳብ፣ ጥቂት የመስታወት ዱቄትና በኬሚስትሪ ወይም በጂኦሎጂ ክፍሎች የሚገኘው ዓይነት ምድጃ ነው። ዱቄቱ ወደ ሳንባ እንዳይገባ የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ለዓይንና ለእጅም መከላከያ የግድ ያስፈልጋል፤ እርሳስ ያለበትንም ዱቄት መራቅ ይገባል። በዚህች መዳብ ላይ ተማሪው ሙቀትን፣ የቁስ ጥንካሬንና ብርሃንን አንድ ላይ ያገኛል። ኮባልት ለምን ሰማያዊ፣ እጅግ የደቀቀ ወርቅ ደግሞ ለምን ቀይ እንደሚሰጥ ይጠይቃል፤ የወርቁን ጉዳይ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1857 ዓ.ም. ባቀረበው ጥናት መርምሮታል።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ በየፊዚክስ ትምህርት ክፍሉ በየዓመቱ ቢያንስ አንድ፣ ተማሪው አስልቶ በእጁ የሚሠራው፣ ቢበላሽበትም ለምን እንደተበላሸ በማስረዳቱ ነጥብ የሚያገኝበት ሥራ ይኑር። ኢናሜል ባይሆን ሸክላ ይሁን። ያቺ የተሰነጠቀች የመዳብ ሳህን ዛሬ በቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ አለች። ተማሪ ሲመጣ አስቀድሜ የማሳየው ጀርባዋን ነው።