አደይ አበባ አረም ነውን?

ባለፈው ዓመት በነሐሴ አባቴ የግቢያችንን አትክልት እንድኮተኩት አዘዙኝ። እኔም ትጉህ መስዬ ለመታየት ከጽጌረዳው አጠገብ በአጥሩ ሥር የበቀለውን ቡቃያ ሁሉ ነቅዬ ጣልሁ። መስከረም ሲጠባ ታናሽ እኅቴ ለእንቁጣጣሽ አበባ ልትቀጥፍ እንደ ልማዷ ወደዚያው ሄደች፤ ባዶ እጅዋን ተመለሰች። አረም ነው ብዬ የነቀልሁት ለካ አደይ ኖሯል!

ከባሕር ማዶ ለመጣ አበባ መደብ እናበጃለን፤ ውሃ እናጠጣለን። ንብ የምትቀስመውን የደጋችንን ተወላጅ ግን ሳያብብ እንነቅላለን። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው።

«ከተተወ ግቢውን ይወርሳል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ዘሩን ራሱ እያረገፈ ይበዛል። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ አንድ ጥግ መከለል፣ የተጠጋጋውን ቡቃያ ማሳሳት፣ ከክልሉ የወጣውን መንቀል። አበባው እንደ ረገፈም ወዲያው አይታጨድ፤ አደይ ያንድ ዓመት ተክል ስለ ሆነ ዘሩ ደርቆ ካልወደቀ በሚመጣው መስከረም አይገኝም።

እኔ በኅዳር ከመንገድ ዳር የደረቀ ዘር ለቅሜ በአጥሩ ሥር በትኛለሁ። ውድ ጓደኞቼ ሆይ፣ እናንተም በነሐሴ መኮትኮቻ ስታነሡ የምትነቅሉትን አስቀድማችሁ እወቁ።