ማዕዱ የተዘነጉትንም ያስብ

የጂንካ ገበያ የሚቆመው ቅዳሜ ነው። ስለዚህም የትንሣኤ ዋዜማ፣ ቀዳም ስዑር፣ በዚያች ከተማ ምን ጊዜም የገበያ ቀን ነው። ከአሪ ደጋ ቆጮና ቡና ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች፣ ከበና ቆላ ማርና ፍየል ይዘው ከሚመጡ አርብቶ አደሮችና ከበዓሉ ሸማች ጋር ይገናኛሉ። በገበያው ዳር ግን የሚሸጠውም የሚገዛበትም የሌለው ወገን ቆሞ ይታያል። በበዓል ቀን ድሀን ማሰብ ሊጠበቅ የሚገባው መልካም ልማዳችን ነው። ይሁን እንጂ የፋሲካ ማዕድ የአንድ ቀን ነው፤ ረኀብ ግን በማግስቱም አለ። በቀሩት ቀናት የድሀውን ጉዳይ በእጃቸው የያዙት ቀበሌና ወረዳ በመሆናቸው፣ ዛሬ ስለ እነርሱ ጥቂት ልንል ወደድን።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንኡስ አንቀጽ 4፣ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም ወረዳዎች ጥቅል በጀት ያገኛሉ፤ አብዛኛው ግን ለደመወዝ ይውላል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ደግሞ ተረጂዎችን የመለየቱን ኃላፊነት ለቀበሌውና ለማኅበረሰቡ ሰጥቷል። በአሠራሩ መሠረት መሥራት የሚችለው በጋራ የልማት ሥራ ተሳትፎ፣ አረጋዊውና አቅም የሌለው ያለ ሥራ ይረዳሉ። የስም ዝርዝሩ ለሕዝብ ይገለጣል፤ ቅር የተሰኘም ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ይመስለናል። የበጀት ማነስ ለብዙ ጉድለት ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ዝርዝሩን በእውነት ላለመጻፍ ግን ምክንያት አይሆንም። በጂንካ ዙሪያና በደቡብ ኦሞ 16 ብሔረሰቦች በየቋንቋቸው ይኖራሉ። ዝርዝሩ በአማርኛ ብቻ ተነብቦ ቢያልፍ፣ አማርኛ የማትሰማ የሐመር ወይም የዳሰነች ባልቴት ስሟ መዘለሉን በምን ታውቃለች? አቤቱታዋንስ ለማን ታሰማለች? በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ከ300 በላይ ሰዎችን ሲወስድ፣ ማን ያለ ጧሪ፣ ማን ያለ ከብት እንደ ቀረ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ጎረቤቱ ነበር። ጎረቤት ያልተጠየቀበት መዝገብ ድሀውን አያውቀውም።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፣ የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩ ወገኖች መበለቶቻቸው ከዕለቱ ማዕድ ስለ ተዘነጉባቸው አጉረመረሙ። ሐዋርያት ግን አቤቱታውን እንደ ድፍረት አልቆጠሩትም። ሕዝቡን ሰብስበው፣ መልካም ምስክርነት ያላቸውን 7 ሰዎች ራሱ እንዲመርጥ አደረጉ። የዲቁና አገልግሎት መነሻው ማዕድን በፍትሕ ማደል ነው፤ ስለዚህ ይህ ነገር እኛንም ይመለከተናል።

እንግዲህ ዝርዝሩ ቀበሌው በሚናገረው ቋንቋ ይነበብ፤ ከመራጮቹ መካከል ባልቴቶችም ይቀመጡ፤ ለአቤቱታ የመልስ ቀን ይቆረጥለት እንላለን። የየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤም የተዘነጋውን ሰው፣ ሃይማኖቱን ሳይጠይቅ፣ ለቀበሌው ያመልክት። ክልሉ በ2015 ዓ.ም. ተለውጧል፤ የድሀው ደጅ ግን ዛሬም ያው ቀበሌ ነው።

መልካም የትንሣኤ በዓል ያድርግልን።