ፊልም አንሺዎቻችን በቆቦ ምን ያንሡ?

ጥቂት ጓደኞቻችን የአንድ ልብ አንጠልጣይ ፊልም መክፈቻ፤ ማለት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ብቻ፤ ወደ ቆቦ ወርደው ለማንሣት መሰናዳታቸውን ይህን ጋዜጣ የሚያነብ ሁሉ ሳይሰማ አልቀረም። አሳቡ የሚያስመሰግን ነው። ፊልም የሚነሣው በአዲስ አበባ ፎቅና በቦሌ መንገድ ላይ ብቻ ይመስል የራያ ቆላ ከካሜራ ርቆ መኖር የለበትም። ነገር ግን አስተያየት እንድንሰጥበት የታደለውን ረቂቅ ካነበብሁ በኋላ ዝም ማለት አልቻልሁም። ረቂቁ የሚጀምረው በተኩስ ነው። ጨለማ፤ ሦስት ጥይት፤ የሚሮጥ ሰው፤ ከዚያም መንገድ ዳር የወደቀ ሬሳ።

በበኩሌ ተኩሱ ይውጣ እላለሁ።

ቆቦ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ገባባት፤ በዚያው ዓመት ጳጉሜን 4 ቀን በከተማይቱና በአካባቢዋ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ውጊያው እንደገና ሲቀሰቀስ ከተማይቱ ዳግመኛ ተያዘች። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በዐማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። እንግዲህ ይህ ሁሉ በደረሰበት አገር ውስጥ ከምሽቱ በሦስት ሰዓት የተኩስ ድምፅ ቢሰማ እናት ልጆቿን ከአልጋ ሥር ታስገባለች እንጂ ተማሪዎች ትምህርታቸውን እየሠሩ ነው ብላ አትተኛም። የእንጨት ጠመንጃ ይዞ በጨለማ የሚሮጠውን ተማሪም ከሩቅ የሚያየው ሰው እንጨት መሆኑን አያውቅለትም። ይህን ስናገር ተኩሱ በኋላ በቅንብር ጊዜ ይጨመራል የሚል መልስ ተሰጠኝ። ለሌሊቱ ጸጥታ መልስ ይሆናል፤ ፊልሙ በሚታይበት አዳራሽ ለሚቀመጠው የቆቦ ልጅ ግን መልስ አይሆንም።

አንድ ጓደኛዬ፤ እርሱም የዚያው አገር ተወላጅ ነው፤ «እንግዲያስ የደረሰብን ነገር አይነገር ማለትህ ነው?» ብሎ ተከራከረኝ። ክርክሩ ከባድ ነው። መነገርስ ይነገር፤ የሚነገረው ግን ያየው ሰው በስሙና በፊቱ ቀርቦ ሲመሰክር፤ ወይም ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊሸከም በሚችል ሙሉ ፊልም ነው። ሁለት ደቂቃ መክፈቻ የሞተውን ሰው ማንነት ለመናገር ጊዜ የለውም። ሬሳውን ተመልካች ለማስደንገጫ ተውሶ ጥሎት ይሄዳል። እኔ የምቃወመው ይህን ውሰት ነው።

ከዚህም ሌላ ተኩስ ለልብ አንጠልጣይ ፊልም የሚጠቅመውን ያህል አይጠቅምም። አልፍሬድ ሂችኮክ ለፈረንሳዊው ፍራንሷ ትሩፎ በ1962 እ.ኤ.አ. በሰጠው ረጅም ቃለ መጠይቅ ድንጋጤንና ሥጋትን ለይቶ አስረድቷል። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ሲጫወቱ ከሥራቸው የተቀበረው ቦምብ ሳይታሰብ ቢፈነዳ ተመልካች ለጥቂት ሰኮንድ ይደነግጣል። ቦምቡ መኖሩን ተመልካቹ ካወቀና ተጫዋቾቹ ካላወቁ ግን ያው ተራ ወሬ ብዙ ደቂቃ ልብ ይሰቅላል። ኦርሰን ዌልስ በ1958 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ተች ኦፍ ኢቭል» መጀመሪያ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። አንድ ሰው የቦምቡን ሰዓት ሞልቶ ከመኪና ኋላ ይከትተዋል፤ ባልና ሚስት የሚመስሉ ሁለት ሰዎች ገብተው ይነዳሉ፤ ካሜራው ከሦስት ደቂቃ በላይ ሳይቆረጥ በድንበር ከተማይቱ መንገድ ይከተላቸዋል። ፍንዳታው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የጀርመኑ ፍሪትስ ላንግ በ1931 እ.ኤ.አ. በሠራው «ኤም» ደግሞ የሕፃኒቱ ግድያ ከቶ አይታይም። ኳሷ ስትንከባለል፤ ፊኛዋም በስልክ ሽቦ ላይ ተጠልፋ ስትቀር እናያለን፤ በቃ። ገዳዩም ፊቱን በደንብ ሳናየው በፉጨቱ ይታወቃል።

የእኛው ሞገስ ታፈሰ ያወጣው «ቁራኛዬ» ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ የሚሄዱበትን የጥንት ሥርዓት መሠረት ያደረገ ነው። ሁለት ጠላቶች አንዱ ከሌላው ርቆ መተኛት እንኳ የማይችልበት መንገድ! ከዚህ የበለጠ ልብ አንጠልጣይ ነገር ከውጭ አገር ማስመጣት የሚያስፈልገን አይመስለኝም።

ቆቦም የምትሰጠው ጅምር አላት። በመከር ዋዜማ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነው። በማሳው መካከል የእንጨት ማማ ይቆማል፤ በማማው ላይ ወፍ ጠባቂ ልጅ ወንጭፉን ይዞ ይቀመጣል። የግሪሳ መንጋ ሲያርፍ ልጁ ይጮኻል፤ ድንጋይ ይወነጭፋል፤ መንጋው እንደ ጢስ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ያርፋል። አሁን ልጁ ሳይጮኽ፤ ድንጋይም ሳይወረውር፤ ከማሳው ጥግ መንጋው ብድግ ይበል። ልጁ ይመለከታል። ነፋስ የለም። ጥቂት ቆይቶ ወደ ማማው ቀረብ ካለ ቦታ ሌላ መንጋ ይነሣል፤ የአገዳውም ጫፍ በአንድ መሥመር ይወዛወዛል። ልጁ ድንጋይ ለማንሣት እጁን ሲሰድድ ከክምሩ የቀረው አንድ ብቻ ነው። የሚመጣውን ሰው ማንነት አናሳይ። (ጅራፍ ማስጮኹ ግን ይቅር፤ በማይክሮፎን ሲቀዳ ጥይት ይመስላል።)

ይህን ለማንሣት ገንዘብ ሳይሆን አስቀድሞ ማሰብ ነው የሚያስፈልገው። እያንዳንዱ ምስል በወረቀት ላይ ይሣል፤ ሥዕል የማይችልም በእንጨት ሰው ይሣለው። ልጁ ወደ ቀኝ ሲመለከት ከታየ አገዳው ከቀኝ ወደ ግራ መወዛወዝ አለበት፤ ካሜራው በልጁና በማሳው ጥግ መካከል ያለውን የዐሳብ መሥመር ተሻግሮ ካነሣ ግን ሰውዬው የሚመጣ ሳይሆን የሚሸሽ ይመስላል። ስለ ብርሃን ደግሞ ቆቦን የማያውቅ ይሳሳታል። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፤ በምዕራብ የደጋው ግድግዳ ስላለ ፀሐይ ዘግይታ ትወጣለች፤ ቀድማም ትጠልቃለች፤ ማምሻውም በእኛ አገር አጭር ነው። ጥሩው ብርሃን ጧት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል፤ ማታም ከዚያ ያነሰ ነው። በቀትር የተነሣ ፊት ዓይኖቹ በቅንድቡ ጥላ ይጠፋሉ፤ ስልኩም ግሎ ይዘጋል። በአምፖል ብርሃን የሚነሣ ክፍል ካለ ስልኩ በሰኮንድ 25 ምስል እንዲያነሣ ይደረግ፤ መብራታችን 50 ዑደት ስለ ሆነ በ30 የተነሣው ሊርገበገብ ይችላል።

የማሳው ባለቤት አስቀድሞ ይጠየቅ፤ የሚሰበረውም አገዳ ይከፈልበት። አገዳ ለከተማ ተማሪ ጌጥ ነው፤ ለገበሬው የከብት መኖ ነው። ማማ ላይ የሚቀመጠው ልጅ የውሎው ዋጋ ይሰጠው፤ ስሙም ይጻፍለት። አነጋገሩን አንዱ የመሐል አገር ተማሪ እንዲያርመው አይደረግ። ይህን የምለው በአንዳንድ ፊልም የገጠር ሰው አነጋገር ለሣቅ ብቻ ሲውል ስላየሁ ነው።

በመሣሪያ ማነስ ማመካኘትም አይገባም። ኃይሌ ገሪማ በካሊፎርኒያ ተማሪ ሳለ በ1966 ዓ.ም. ወደ አገሩ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በሁለት ሳምንት ያህል፤ በጥቁርና ነጭ፤ ተዋናይ ባልሆኑ ሰዎች አንሥቶ ተመልሷል።

የቅንብሩን ነገር ሳስበው የምፈራው ጥድፊያን ነው። ተማሪ ቅንብር ሲይዝ በየሰኮንዱ መቁረጥ ይወዳል። የልጁ ፊት፤ የሚነሣው መንጋ፤ እንደገና የልጁ ፊት፤ ይህ ብቻ ይበቃል። የመጨረሻው ፊት ከመጀመሪያው ጋር አንድ ቢሆን እንኳ ተመልካች ፍርሃትን ያነብበታል። ሩሲያዊው ኩሌሾቭ ይህን ከመቶ ዓመት በፊት ፈትኖታል። የአገዳው ኮሽታ ምስሉ ከመታየቱ ጥቂት አስቀድሞ ይሰማ። ከኢንተርኔት የተቀዳ የከበሮና የኪቦርድ ጩኸት ከላይ የሚጫንበት ከሆነ ግን ወደ ቆቦ መውረዱም አያስፈልግም ነበር። በማሳው ውስጥ ማንም ሳይናገር የአንድ ደቂቃ ጸጥታ ይቀዳ፤ በየቁርጡ መካከል ድምፁ እንዳይጎድል የሚሞላው እርሱ ነው።

ተቀናብሮ ሲያልቅም ለፈተና ከመቅረቡ በፊት እዚያው ቆቦ፤ ለማሳው ባለቤትና ለጎረቤቶቹ ይታይ። ነጥብ የሚሰጡ መምህራን ቅር እንደማይላቸው ተስፋ አለኝ። የአገሩ ሰው «እዚህ ላይ ፈራሁ» ያለበትን ሰኮንድ መዝግቦ መመለስ ብዙ ያስተምራል።

መከሩ ከተሰበሰበ ማሳው ባዶ ነውና ረቂቁ ቶሎ ይታረም። የነፋስ መከላከያ ያለው ማይክሮፎን የሚያውስ ተማሪ ወይም መምህር ቢኖር ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያስታውቅ፤ ጓደኞቻችን እስካሁን ያላቸው አንድ ስልክና የተሰበረ የካሜራ እግር ብቻ ነው።