ሱፐርማርኬቶችና መሬት፦ ውድድሩ ከመደርደሪያው በፊት ይጀምራል

በኖቬምበር 2024 በዮርዳኖስ የሚገኙ የካርፉር መደብሮች ሥራ አቆሙ። በጃንዋሪ 2025 ኦማን፣ በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ባሕሬንና ኩዌት ተከተሉ። ለውጡ የመጣው በጋዛ ጦርነት ሳቢያ ከካርፉር አንገዛም የሚለው ዘመቻ በተጠናከረበት ወቅት ነው። ይሁን እንጂ የካርፉርን ስም በቀጣናው ይዞ ይሠራ የነበረው የዱባዩ ማጂድ አል ፉጠይም ኩባንያ ገበያውን አልለቀቀም። በአራቱም አገሮች «ሃይፐርማክስ» የተባለ የራሱን ስም ሰቅሎ ሥራውን ቀጠለ።

ነገሩ አስተማሪ ነው። የንግድ ስም በአንድ ቀን ሊወርድ ይችላል፤ ቦታውን የያዘ ግን ገበያውን ይዞ ይቆያል። ማጂድ አል ፉጠይም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1995 የተከፈተውን ዴራ ሲቲ ሴንተርን የመሳሰሉ የገበያ ማዕከላትን የሚገነባ ድርጅት መሆኑ ለዚህ አቅም ሰጥቶታል።

በትልልቅ የሱፐርማርኬት ድርጅቶች ውስጥ ሸማቹ የማያየው አንድ ክፍል አለ፤ እርሱም የቦታና የግንባታ ክፍል ነው። ባለሙያዎቹ በአካባቢው ስንት ቤተሰብ እንደሚኖር ይቆጥራሉ፤ መኪና የሚገባበትን መንገድ፣ የጭነት ማራገፊያውንና የተወዳዳሪውን ርቀት ይለካሉ። ከዚያም ለብዙ ዓመታት የሚዘልቅ የኪራይ ውል ይደራደራሉ። ሱፐርማርኬቱ ሕዝብ ስለሚስብ፣ የሕንፃው ባለቤት በካሬ ሜትር ዝቅ ያለ ኪራይ ያስከፍለዋል፤ ጉድለቱን ከትንንሾቹ ሱቆች ይሰበስባል። አንዳንዱ ውል ደግሞ በዚያው ሕንፃ ሌላ የምግብ መደብር እንዳይከፈት ይከለክላል።

ጥያቄው የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። በሸሪዓ ኪራይ (ኢጃራ) የተፈቀደ ውል ነው፤ ጥቅሙ፣ ዘመኑና ዋጋው በግልጽ ከታወቀ ለረጅም ጊዜ መሆኑ ነውር የለበትም። በአንጻሩ ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ኢሕቲካርን ማለትም ሕዝቡ የሚፈልገውን ሸቀጥ አከማችቶ ዋጋ ማስወደድን አውግዘዋል። ሌላው እንዳይሸጥ ቦታን ማጠር እህል በመጋዘን ከመቆለፍ በመልኩ ይለያል፤ በነዋሪው ኪስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ሊቀራረብ ይችላል። በፊቅህ አንድ ዓይነት ፍርድ ይሰጣቸው ማለት አይደለም፤ የክልከላው ጥበብ ግን ለዛሬው ገበያ ተቆጣጣሪ መመሪያ ይሆናል።

ይህ ሥጋት የሃይማኖት ሰዎች ብቻ አይደለም። ብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ትእዛዝ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች በመሬት ውል ተወዳዳሪን እንዳያግዱ ገደብ ጥላለች። በ2020 የአገሪቱ የውድድር ባለሥልጣን ቴስኮ ይህን ትእዛዝ 23 ጊዜ መጣሱን አስታውቋል። ሕግ መውጣቱ ብቻ እንደማይበቃ፣ ውሎቹን አንድ በአንድ የሚመረምር አካል እንደሚያስፈልግ ከዚህ እንረዳለን።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ቅርብ ነው። ለዜጎች ብቻ ተከልሎ የቆየው የችርቻሮ ንግድ በ2024 ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። የባሕረ ሰላጤው ሰንሰለት መደብሮች ወደዚያ ቢያማትሩ አያስገርምም። በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የከተማ ቦታም በሊዝ ይሰጣል። ስለዚህ ዋናው በር በመንግሥት እጅ ነው። ለአንድ መደብር ሰፊ ቦታ ሲሰጥ ውሉ የጉልቱን ነጋዴ የሚያገል አንቀጽ እንዳይኖረው መጠየቅ የሚቻለው ከመፈረሙ በፊት እንጂ ሕንፃው ከቆመ በኋላ አይደለም።

በባሕረ ሰላጤው በቃላ ከፍተው ወይም ተቀጥረው የሚሠሩ ወገኖቻችንም ሆኑ በአገር ቤት የንግድ አክሲዮን ለመግዛት የሚያስቡ፣ ከሽያጩ መጠን በፊት ሊጠይቁት የሚገባ ነገር አለ፦ ቦታው የማን ነው? ውሉ መቼ ያበቃል? ማንንስ ያግዳል? መልሱ ገንዘባቸው ሐላል በሆነ ንግድ ላይ መዋሉን ብቻ ሳይሆን፣ ያ ንግድ ለጎረቤቱ ቦታ መተዉንም ይነግራቸዋል።